ማታ ማታ እግሬ ይገተራል፤ ኤምኤስ ያለባችሁ እንዴት ነው የምትተኙት?

የኮዬዋ
ኅዳር 13፣ ከሌሊቱ 8:47

ሰላም ለዚህ ቤት። ሰዓቱን አይታችሁ መገመት ትችላላችሁ፤ አልተኛሁም። ትናንት ሰፈሩ ሁሉ ኅዳርን ሲያጥን አምሽቶ ጭሱ መስኮት ተዘግቶም ቤት ገብቷል። ግን በጭሱ አላሳብብም፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ሌሊቶችም እንደዚሁ ነበርኩ።

34 ዓመቴ ነው። ኤምኤስ (መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ የአንጎልና የአከርካሪ ነርቭን የሚጎዳው በሽታ) አለብሽ ከተባልኩ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ነው የምኖረው። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ቤቴ ነው የምሠራው። ቀን ቀን እግሬን እየጎተትኩም ቢሆን እንቀሳቀሳለሁ፣ ደረጃውን ብረቱን ይዤ እወጣለሁ። መከራዬ ማታ ነው። ገና ጋደም ከማለቴ ግራ እግሬ ብቻውን ይገተራል፤ እንጨት ነው የሚሆነው። ባቴን ይይዘኛል፣ ጣቶቼ ወደ ታች ይቆለመማሉ። ባለቤቴ ተነስቶ ያሸኛል፣ ይለቀኛል፤ እንቅልፍ ሸለብ ሊያደርገኝ ሲል ደግሞ ይመጣል። አንዳንዴ ሳላውቀው እሱን እራግጠዋለሁ። ጠዋት "ዛሬስ ስንት ጎል አገባሽ?" ይለኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር።

ከዚያ ሽንት አለ፤ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። ከዚያ ደግሞ ውሃው። እኛ ብሎክ ውሃ በፈረቃ ነው፣ ፈረቃውም ሌሊት ነው። 9 ሰዓት ላይ ቧንቧው ሲያንኮራፋ ሰምቶ ጀሪካኑን ያልደረደረ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ይቀጣል። ባለቤቴ ሁለት ቀን በሳምንት የሌሊት ጥበቃ ተረኛ ስለሆነ አንዳንዴ እኔው ነኝ የምነሳው።

በጀርባዬ ተኛሁ፣ በጎኔ ተኛሁ፣ በሆዴም ሞከርኩ። ትራስ ሦስት ደርቤ ስተኛ ከማጅራቴ እስከ ወገቤ ኮረንቲ የያዘኝ መሰለኝና ደንግጬ ጣልኩት። ሐኪሜን ስጠይቀው "በሚመችሽ ተኚ" አለኝ። የሚመቸኝን ባውቀው እሱን ምን አስጠየቀኝ! እስቲ ንገሩኝ፤ እግራችሁን የት ነው የምታደርጉት?


ለገጣፎ 41
ኅዳር 13፣ ከሌሊቱ 9:10

አለሁ፤ እኔም አልተኛሁም። ወንድ፣ 41፣ ኤምኤስ 9 ዓመት።

ኮረንቲው ብቻ አያስደንግጥሽ። አንገት ወደ ደረት ሲታጠፍ አከርካሪ ውስጥ ያለው የተጎዳ ነርቭ ይሳብና እንደዚያ ይነዝራል። ሌርሚት ይሉታል፣ በአንድ ፈረንሳዊ ሐኪም ስም። ሦስት ትራስ ስትደርቢ አገጭሽን ደረትሽ ላይ ለጠፈው ማለት ነው። እኔ አንድ ትራስ ብቻ፣ ያውም ሳሳ ያለ፤ በጎኔ ስተኛ ትንሽ ወፈር ያለውን እቀይራለሁ፣ አንገቴ ወደ ታች እንዳይወድቅ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ምን ያህል ነው የምትለብሺው?


የኮዬዋ
ኅዳር 13፣ ከሌሊቱ 9:14

ሁለት ብርድ ልብስና ጋቢ። ኅዳር አይደል? ጋቢውን ደግሞ እናቴ እንዳስተማረችኝ እግሬ ስር አስገብቼ ጥቅልል ነው የምለው። ቆይ፣ ቧንቧው ጮኸ። መጣሁ።


ለገጣፎ 41
ኅዳር 13፣ ከሌሊቱ 9:31

በይ ስትመለሺ ታነቢዋለሽ። ጠርጥሬ ነበር። ያ ሁሉ ክብደት የእግርሽን ጣቶች ወደ ታች ነው የሚጫነው። ጣት ወደ ታች ተጫነ ማለት ባት ተኮማተረ ማለት ነው፤ ከዚያ መገተሩ ይከተላል። እኔ ይሄን ለማወቅ ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል። አሁን ግርጌዬ ላይ፣ ከብርድ ልብሱ ስር፣ ባዶ የሙዝ ካርቶን አለ። ብርድ ልብሱ በካርቶኑ ላይ እንደ ድንኳን ያርፋል፣ እግሬ ከስር እንደ ልቡ ነው። ሚስቴ መጀመሪያ "ዕቃ ልትጭን ነው?" ብላ ስቃብኛለች።

ብርዱን በካልሲ ቻይው፤ ላስቲኩ የማይጠብቅ ካልሲ። ደግሞ ከመጠን በላይ መሞቅም ለኛ ደግ አይደለም። ሰውነት ሲግል የተጎዳ ነርቭ መልእክት ማስተላለፉ ይደክማል፣ እግር ይዝላል፣ ዓይን ይደበዝዛል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ሌሊት ከሁለት ብርድ ልብስ ውስጥ ወጥተሽ ሽንት ቤት ስትሄጂ እግርሽ ከቀኑ የባሰ የሚከዳሽ ከሆነ አንዱ ምክንያት እሱ ነው።


መልካም ጎረቤት
ኅዳር 13፣ ጠዋት 1:20

እህቴ ለምን ራስሽን ታሰቃያለሽ? የአለርጂ ክኒን ከፋርማሲ ግዢ፣ ያለ ወረቀት ይሰጡሻል፣ ማታ ማታ [በአወያይ ተነስቷል] ዋጪና እንደ ሕፃን ትተኛለሽ። እኔ ዓመት ሆነኝ።


አወያይ
ኅዳር 13፣ ጠዋት 1:52

የመድኃኒት መጠን እዚህ አትጻፉ። ስሙን ጠቅሶ "ሐኪምሽን ጠይቂ" ማለት ይቻላል፣ "ይህን ያህል ዋጪ" ማለት ግን አይቻልም። ውይይቱ ጥሩ ስለሆነ አልዘጋውም።


ፊዚዮ ከአያት
ኅዳር 13፣ ጠዋት 2:40

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። አንቺን ሳላይ እንዲህ ነሽ ልልሽ አልችልም፤ ጥያቄሽ ግን የአተኛኘት ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

በጀርባ ተንጋሎ እግርን ዘርግቶ መተኛት ለሚገተር እግር ግብዣ ነው። እግር ቀጥ ባለ ቁጥር መገተሩ ይበረታል፤ ዳሌና ጉልበት ሲታጠፉ ደግሞ ይላላል። ስለዚህ ሌሊቱን በጎንሽ ጀምሪው። የሚያስቸግርሽ ግራው ከሆነ በቀኝሽ ተኚ። ቀኝ እግርሽ ትንሽ ብቻ ይታጠፍ። ግራው ዳሌውም ጉልበቱም ታጥፎ ወደ ፊት ይምጣና ትራስ ላይ ይረፍ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ትራሱን ጉልበትና ጉልበት መሃል ብቻ ይወትፈዋል፤ ከጉልበት በታች ያለው እግር ይንጠለጠላል፣ የተንጠለጠለ እግር ደግሞ ይይዛል። ትራሱ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት መድረስ አለበት። እንዲህ ያለ ትራስ ከሌለ አንድ ጋቢ ጥቅልል አድርገሽ ሦስት ቦታ በመቀነት እሰሪው፤ የተሞላ ትራስ ይሸሻል፣ ጋቢ አይሸሽም። ሌላ ጥቅልል ከጀርባሽ አስደግፊ፣ በእንቅልፍ ልብሽ ወደ ኋላ እንዳትገለበጪ። ግራ ክንድሽም የሚያቅፈው ነገር ይኑረው፤ ትከሻ ወደ ፊት ተስቦ ካደረ ጠዋት ልብስ መስፋት ያቅትሻል።

በጀርባዬ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም የምትሉ ጉልበታችሁ ስር ጥቅልል አድርጉ። ግን በየሌሊቱ፣ ሌሊቱን ሙሉ አይሁን፤ ታጥፎ ማደር የለመደ ጉልበት ጅማቱ ያጥርና ቀን ቀጥ ብሎ መቆም ይከለክላል። በሆድ መተኛትን ለሌሊት አልመክርም፣ አንገት ይጠመዘዛል። ቀን ላይ ግን 15 ወይም 20 ደቂቃ በሆድ መተኛት የዳሌን ፊት ያፍታታል። ትንፋሽ የሚያጥራችሁ ይቅርባችሁ።

ለባለቤትሽም መልእክት አለኝ። ሲይዝሽ በድንጋጤ ተነስቶ እየጎተተ ማሸት ያብሰዋል። ተረከዝሽን በመዳፉ ይያዝ፣ የእግርሽን መዳፍ በክንዱ ውስጥ አስደግፎ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይግፋና እስከ 30 ሰከንድ ያህል ይያዘው። እስኪላላ ይጠብቀው እንጂ አይታገለው።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። መገተሩ የባሰብሽ በቅርቡ ነው ወይስ ሁሌም እንደዚሁ ነበር? በድንገት የሚብስ መገተር የሚቆሰቁሰው ነገር አለው፦ የሞላ ፊኛ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት፣ ሥጋ ውስጥ የገባ ጥፍር፣ ጠባብ ጫማ ያቆሰለው ጣት። ስሜቱ የደነዘዘ ሰው ሕመሙን ላይሰማው ይችላል፤ እግሩ ግን ይሰማዋል።


የኮዬዋ
ኅዳር 13፣ ቀን 7:05

እግዜር ይስጥልኝ። ከመስከረም ወዲህ ነው የባሰብኝ። ባክሎፌን የሚባል ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ታዞልኛል፤ ቀን ስወስደው ስለሚያፈዘኝና መርፌ ጣቴ ውስጥ ስለማስገባ አንዳንድ ቀን እተወዋለሁ። ለሐኪሙ አልነገርኩትም። እዚህ ግን ልናዘዝ።


ፊዚዮ ከአያት
ኅዳር 13፣ ቀን 7:30

መናዘዝሽ ጥሩ፣ ንስሐው ግን ሐኪምሽ ጋ ነው። ባክሎፌን በራስ ፈቃድ ዛሬ ተትቶ ነገ የሚያዝ መድኃኒት አይደለም። ድንገት ሲቋረጥ መገተሩ ከፊቱ የባሰ ሆኖ ይመለሳል፣ ከፍ ሲልም የሚጥል መንቀጥቀጥና ቅዠት ያመጣል። ቀን የሚያፈዝሽ ከሆነ አወሳሰዱን ወደ ማታ ማመዛዘን ይቻል እንደሆነ ጠይቂው። ብዙዎች እንደዚያ ይደረግላቸዋል።


የጣፎዋ እናት
ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 1:15

ልጄ፣ እኔ 57 ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የምታነብልኝና የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነች።

የኔ እግር እንዳንቺ አይገተርም፣ ይርመሰመሳል እንጂ። ጉንዳን አጥንቴ ውስጥ የሚሄድ ይመስለኛል። ልክ ሲመሽ ይጀምርና ካላንቀሳቀስኩት ያሳብደኛል። ተነስቼ ሳሎኑን ስዞር ይተወኛል፣ ስተኛ ይመለሳል። ስንት ዓመት ሙሉ ሐኪም ጋ ስገባ "እግሬን" ብቻ ነበር የምለው፤ እሱም ለሚገተር እግር የሚሰጠውን ይሰጠኝ ነበር። አንዲት ወጣት ሐኪም ናት "እማማ፣ ሲንቀሳቀሱ ይሻልዎታል ወይስ ይብስዎታል?" ያለችኝ። ይሻለኛል ስላት ነገሩ ሌላ ሆነ። ይሄኛው ኤምኤስ ያለበት ሰው ላይ ከሌላው ሰው ይልቅ ይበዛል አለችኝ። ደሜን አየችው፤ ሄሞግሎቢኔ ደህና ነው፣ ፌሪቲን የሚሉት የብረት ክምችት ግን 18 ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ዓይነት እግር ላለበት ሰው ከ75 በታች ከሆነ ብረት መስጠት ይታሰባል ብላ ጀመረችልኝ። በሁለት ወሩ ጉንዳኑ ጋብ አለ። ጨርሶ ግን አልሄደም፤ አልዋሽሽም።

ያ ልጅ ያለው የአለርጂ ክኒን እኔንም አንድ ፋርማሲ ሰጥቶኝ ነበር። እንቅልፉ መጣ፣ ጉንዳኑም አብሮት መጣ። በዓይኔ እንቅልፍ እያለ በእግሬ ስሄድ አደርኩ። በኋላ ስጠይቅ የሚርመሰመስ እግርን የሚያብስ ነው አሉኝ።

ሌላው ቡናው ነው። 10 ሰዓት ላይ ነበር የማፈላው፤ አቦል ቶና በረካ ሳልል አልነሳም፣ በላዩ ላይ እራት በሻይ። ሻዩም ቡናውም ምግብ ላይ ሲጠጣ ብረቱን ሆድ ውስጥ ይቀማል፣ ማታ ደግሞ እንቅልፉንም ይቀማል፣ ሽንትም ያጣድፋል። አሁን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው የማፈላው። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ "እትዬ ቡናቸውን ደበቁን" ብለው አኮረፉኝ። አሁን እነሱ ናቸው በጠዋት የሚያንኳኩት።


ተስፋ በአምላክ
ኅዳር 14፣ ጠዋት 12:40

ይሄ ሁሉ ትራስና ካርቶን ምን ያደርጋል? የፈረንጅ በሽታ ነው ብለው ሐኪሞች አስፈራርተዋችሁ ነው። አክስቴ እጅና እግሯ ተይዞ፣ መድኃኒቱን ሁሉ ጥላ 14 ቀን ጸበል ገብታ ድናለች።


ለገጣፎ 41
ኅዳር 14፣ ጠዋት 2:15

ወንድሜ፣ አክስትህ እንኳን ተሻላቸው። ግን ኤምኤስ ብዙ ሰው ላይ በባሕርይው መጥቶ የሚሄድ ነገር ነው። እኔም የመጀመሪያው ጊዜ ዓይኔ ጠፍቶ በስድስት ሳምንት ተመልሷል፣ ምንም ሳላደርግ። ድኛለሁ ብዬ ሁለት ዓመት ተዘናጋሁ፤ ሁለተኛው ሲመጣ እግሬን ይዞ መጣ፣ እሱ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም።

የፈረንጅ በሽታ ስላልከው፣ ከምድር ወገብ ራቅ ባሉ አገሮች ይበዛል፣ እኛ ጋ ያንሳል፤ ይሄ እውነት ነው። ያንሳል ማለት የለም ማለት ግን አይደለም። ሻርኮ የሚባል ሐኪም ፓሪስ ላይ በ1868 በፈረንጆች አቆጣጠር በወጉ ከገለጸው ጀምሮ ዛሬ በዓለም ላይ ከ2.8 ሚሊዮን በላይ ሰው እንዳለበት ይታወቃል። ሰፈሬ ውስጥ ብቻዬን ስለሆንኩ በሽታው ፈረንጅ አይሆንም፤ እኔም እስካሁን አልነጣሁም።


የጣፎዋ እናት
ኅዳር 14፣ ቀን 6:50

ልጄ ተስፋ፣ እኔም ጸበል እሄዳለሁ። አጥማቂው አባት ራሳቸው "መድኃኒትሽን አታቋርጪ፣ እሱንም የሰጠሽ እግዚአብሔር ነው" ብለውኛል። ያስቸገረኝ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ መሰለፉ ነበር። ያቺ ሰዓት ለኔ የመጀመሪያዋ እንቅልፍ ነች። አሁን ረፋድ ላይ እሄዳለሁ፣ እጠጣለሁ፣ ፊቴን ይረጩኛል። ነገ ጾም ይገባል፤ ከምግብ ጋር የሚወሰድ መድኃኒት ያለባችሁ ደግሞ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተማከሩ፣ ባዶ ሆድ አትዋጡ።


የቡራዩ ልጅ
ኅዳር 15፣ ከሌሊቱ 8:05

ተረኛ ስለሆንኩ ነው በዚህ ሰዓት የምጽፈው። እናቴ 63 ዓመቷ ነው፣ ኤምኤስ ከያዛት ብዙ ዘመኗ፤ ራሷን መገልበጥ ካቆመች ሁለት ዓመት ሆናት። እዚህ ውይይት ላይ ሰው ሁሉ ስለሚነቃ ሰው ያወራል። እኛ ቤት ራሷን መገልበጥ የማትችልን ሰው ለመገልበጥ መንቃት ነው ሥራችን።

በየ2 ሰዓቱ እንገለብጣታለን። እስከ 8 ሰዓት እህቴ፣ ከ8 እስከ ንጋት እኔ። በስልክ ደወል ነው፤ ደወሉን እናቴ ራሷ ነች የመረጠችው፣ የበገና ድምፅ። ሙሉ በሙሉ በጎኗ አናስተኛትም፣ ዘንበል ብቻ፤ የዳሌ አጥንቷ ፍራሹ ላይ ከተተከለ ይቆስላል። ተረከዟ ፍራሽ እንዳይነካ ባቷ ስር ነው ትራስ የምናደርገው። ወገቧ ስር ያለውን አንሶላ በሳቲን ጨርቅ ቀይረነዋል፤ ስንገለብጣት ቆዳዋን ሳይፈገፍግ ይንሸራተታል። ይሄን ከማንም አልተማርነውም፣ የድሮ የሠርግ ቀሚሷ ሽፋን ነው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። የአልጋ ቁስል ሊጀምር ሲል ቆዳ ይቀላል ይላሉ፤ እናቴ ጠይም ናት፣ መቅላቱ እንዴት ይታያል? ሁለተኛ፣ በኃይል ታንኮራፋለች፣ አንዳንዴ ትንፋሿ ቀጥ ይልና እንደ መታፈን ብላ ትነቃለች። ራስጌዋን በጡብ ከፍ ላድርገው?


ፊዚዮ ከአያት
ኅዳር 15፣ ጠዋት 3:00

ወንድሜ፣ አንተና እህትህ የምታደርጉትን ብዙ ሆስፒታል አያደርገውም።

በኛ ቆዳ ላይ መቅላትን አትጠብቅ። በእጅህ ጀርባ ዳስሰው፤ ከአካባቢው የሚሞቅ፣ የጠጠረ ወይም የረጠበ ስፖንጅ የመሰለ ቦታ ካገኘህ ቀለሙ ምንም ይሁን ጀምሯል ማለት ነው። በዚያ ቦታ ላይ መልሰህ አታስተኛት።

ማንኮራፋቱ ላይ ተጠንቀቅ። ትንፋሽ እየተቋረጠ የሚነቃ ሰው ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒትና የእንቅልፍ ክኒን ደግሞ ያብሱታል፤ የምትወስደውን ሁሉ ይዘህ ሂድ። እስከዚያው ዘንበል ማለቷ ራሱ ይረዳል፣ በጀርባ መንጋለል ነው የሚያብሰው። ራስጌውን ከፍ ማድረግ ለትንፋሹ ጥሩ ነው፣ ለቆዳዋ ግን አይደለም፤ በጣም ከፍ ካልክ ሰውነቷ ወደ ግርጌ ይንሸራተትና ወገቧን ይልጠዋል። ትንሽ ከፍ፣ ጉልበቷ ስር ደግሞ ጥቅልል አድርግ፣ እንዳትሸሽ።


ለገጣፎ 41
ኅዳር 15፣ ቀን 8:20

ስለ መድኃኒት ከተነሳ፣ ባለፈው ዓመት ሲነሳብኝ 5 ቀን በደም ሥር ስቴሮይድ (ብግነት የሚያበርድ፣ ግን እንቅልፍ የሚነሳ መድኃኒት) ተሰጥቶኝ ነበር። በ3ኛው ሌሊት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቁም ሳጥን አውጥቼ ስጠርግ ሚስቴ አገኘችኝ። ማንም አላስጠነቀቀኝም፣ ያበድኩ መስሎኝ ነበር። ጠዋት ይሰጠኝ ብላችሁ ጠይቁ፤ ማታ ከተሰጣችሁ ቁም ሳጥናችሁ ንጹሕ ይሆናል።


የኮዬዋ
ኅዳር 21፣ ከምሽቱ 2:10

ዝም ያልኩት ስለ ረሳኋችሁ አይደለም። "የባሰው መቼ ነው፣ ምንድን ነው የሚቆሰቁሰው?" የሚለው ጥያቄ አልለቀቀኝም። ራስጌዬ ላይ የልጄን ደብተርና እርሳስ አስቀመጥኩና በነቃሁ ቁጥር፣ መብራት ካለ በመብራት ከሌለ በስልክ ባትሪ፣ ምን እንዳነቃኝ አንድ ቃል ብቻ ጻፍኩ። ሰባት ሌሊት። ዛሬ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት።

31 ጊዜ ነቅቻለሁ። ሽንት 14፣ እግር 9፣ ልጅ 3፣ ውሃ 2፣ ምክንያቱን ያላወቅሁት 3።

እኔ ለአንድ ዓመት እግሬን ስከስ ነበር! ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ከ9ኙ የእግር ውስጥ 6ቱ ከሽንቱ ትንሽ ቀደም ብለው ነው የመጡት። "እግር 7:20" ብዬ ጽፌ ከስሩ "ሽንት 7:35"። እግሬ ቀድሞ ተነስቶ ፊኛሽ ሞልቷል እያለኝ እኔ ባለቤቴን ለማሸት አስነሳለሁ።

ዛሬ ደብተሩን ለሐኪሜ አሳየሁት። "በሚመችሽ ተኚ" ያለኝ ሰውዬ ነው፤ አንድ ገጽ አገላብጦ ወንበሩን ወደኔ ሳበ። ሽንቴ ተመረመረ፣ ኢንፌክሽን የለም። አልትራሳውንድ ሲታይ ግን ሽንቴን ጨርሼ መጣሁ ባልኩበት ሰዓት ፊኛዬ ውስጥ ቀላል የማይባል ሽንት ተርፎ ተገኘ። ጨረስኩ እላለሁ እንጂ አልጨርስም ማለት ነው፤ ስለዚህ በአንድ ሰዓት መልሶ ይሞላል። መጀመሪያ ይሄን ሳናይ የሚጣደፍ ሽንትን የሚያስታግሰውን መድኃኒት ብንጀምር የባሰ እንዳይወጣ ያደርገው ነበር አለኝ። ሸንቼ፣ ትንሽ ቆይቼ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብዬ ደግሜ እንድሞክር ነገረኝ። ባክሎፌኑንም ተናዘዝኩ። ተቆጣኝ፣ ከዚያ አወሳሰዱን አስተካከለልኝ።


የጣፎዋ እናት
ኅዳር 21፣ ከምሽቱ 3:00

ጎሽ ልጄ! አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ቀኑን ሙሉ መኪናው ላይ ተቀምጠሽ ትሰፊያለሽና እግርሽ ያብጣል አይደል? ያ እግርሽ ላይ የዋለ ውሃ ስትተኚ ወደ ላይ ተመልሶ ሽንት ይሆናል። ማታ የማትጠጪው ውሃ ከየት መጣ ብለሽ አትገረሚ። 11 ሰዓት አካባቢ እግርሽን ከልብሽ ከፍ አድርገሽ አንድ ሰዓት ተኚ፤ መኝታ ሳይደርስ ይወጣልሻል። ቀን ግን ውሃ አትቀንሺ። እኔ ቀንሼ ሆዴ ደርቆ ኩላሊቴ ታሞ አይቼዋለሁ።


መልካም ጎረቤት
ኅዳር 26፣ ጠዋት 1:05

ስለ ክኒኑ ይቅርታ። እኔ ኤምኤስ የለብኝም፣ እንቅልፍ ብቻ ነው የሌለኝ። የኮዬዋን አንብቤ እኔም ደብተር ይዣለሁ። እስካሁን 4 ሌሊት፦ ስልክ፣ ስልክ፣ ስልክ፣ የጎረቤት ውሻ።


የኮዬዋ
ታኅሣሥ 9፣ ረፋድ 4:30

በደንብ ተኝቼ አድሬ ስጽፍ ይኸው የመጀመሪያዬ ነው።

ትናንት ሁለት ጊዜ ብቻ ነቃሁ። ከትናንት ወዲያ አራት፤ እግዜር የሰጠውን ነው። እግሬ አሁንም ይገተራል፣ ግን ጋቢውን እግሬ ስር መጠቅለል ትቻለሁ፣ ካርቶኑም ገብቷል (ከታች ያለው ሱቅ በነፃ ሰጠኝ፤ ለምን እንደሆነ ስነግረው ሁለት ሰጠኝ)። ውሃውን ደግሞ 2ኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ የኔን ጀሪካን ጨምራ ትቀዳለች፣ እኔ የልጆቿን ዩኒፎርም እሰፋለሁ። እስከዛሬ ሳልነግራት ነበር፤ ምን አለብሽ እንዳትለኝ ፈርቼ። ስነግራት "ይሄን ነው አራት ዓመት የደበቅሽኝ?" ብላ ተቆጣችኝ።

ትራሱን ራሴ ሠራሁት። የተጠቀለለው ጋቢ ጥሩ ነበር፣ ግን ባለቤቴ ጋቢውን ለጥበቃው ፈለገው። ከስፌት የሚተርፈኝን ቁርጥራጭ ጨርቅ በመቀስ አድቅቄ ሞላሁት። ጥጥ አንድ ወር ሳይሞላው ይጋገራል፣ ስፖንጅ ይሞቃል፤ ቁርጥራጭ ጨርቅ ግን ክብደት ስላለው ካስቀመጥሽው ቦታ አይሸሽም። ጫፉን ጠበብ፣ ጉልበት የሚያርፍበትን ወፈር አድርጌዋለሁ። ባለቤቴ ትራሱን መሃላችን ካደረግሁት ወዲህ ጎል አልገባበትም።


የቡራዩ ልጅ
ታኅሣሥ 9፣ ቀን 6:15

እህቴ፣ ለእናቴ አንድ ትሰፊልኛለሽ? ሂሳቡን ንገሪኝ። ቁመቷ አጠር ያለ ነው። እና የካርቶኑን ነገርም፣ ምን ያህል ከፍታ ይበቃል?


የኮዬዋ
ታኅሣሥ 9፣ ቀን 6:40

እሰፋልሃለሁ። ከጉልበቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በሜትር ለካና አንድ ጣት ጨምረህ ላክልኝ። ሽፋኑን ዚፕ አደርግለታለሁ፣ እየወጣ እንዲታጠብ፤ ዚፑ ግን ቆዳዋን እንዳይነካ ከስር በኩል ነው የሚሆነው። የሳቲን ቁራጭ ካለህ አብረህ ላከው፣ እሱኑ ሽፋን አደርገዋለሁ።

ካርቶኑ ተረከዟን ተክላ ጣቷን ወደ ላይ ስታደርግ ከጣቷ ጫፍ አራት ጣት ከፍ ይበል። ክዳኑን ቁረጠውና አፉን ወደ እግሯ አዙረው፣ እግሯ ውስጡ እንዲገባ። ጠርዙን በጨርቅ ጠቅልለው፤ እኔ ሳልጠቀልለው አንድ ሌሊት አድሬ ቁርጭምጭሚቴን ፈግፍጎኛል።